ኤትየን፦ ስለ አንድ የፈረንሳይ ወንድ ስም የተላኩ ጥያቄዎች

ኤትየን (በፈረንሳይኛ ሲጻፍ Étienne) ስለሚባለው የፈረንሳይ ስም ከአንባብያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤትየንና እስጢፋኖስ አንድ ስም ናቸው ሲባል ሰማሁ። በድምፅ ግን የሚገናኙበት ቦታ አልታየኝም። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የሁለቱም ምንጭ «ስቴፋኖስ» የሚለው የግሪክ ስም ነው፤ ትርጉሙም ራስ ላይ የሚደፋ የአበባ ወይም የቅጠል ጉንጉን፣ አክሊል ማለት ነው። አማርኛ ስሙን ከነሙሉ አካሉ ይዞታል፤ በፈረንሳይ ግን ሕዝቡ ከሺህ ዓመት በላይ በአፉ ሲጠራው ኖሮ አሳጠረው። ያሳጠረው ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም፤ ሌሎች ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት በሄዱበት መንገድ ነው።

ሮማውያን ስሙን «ስቴፋኑስ» ብለው ወሰዱት፤ ሲጠሩትም ድምፃቸውን ጫን የሚያደርጉት መጀመሪያው ላይ፣ «ስቴ» ላይ ነበር። ይህን ይያዙልን፤ የቀረው ለውጥ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። በኋለኛው ዘመን ላቲን ተናጋሪው ሕዝብ በ«ስ»ና በሌላ ተነባቢ የሚጀምር ቃል ሲገጥመው ለአፉ እንዲቀልለው ከፊቱ አናባቢ ጨመረበት፦ «ኤስቴፋኑ»። እስጢፋኖስ ስንል ከፊት «እ» የምናሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ጫን ተብሎ የሚነገረው አጭር «ኤ» ለሁለት ተከፍሎ «ይየ» ወደሚል ድምፅ ተለወጠ፤ «ፔትራ» የሚለው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ «ፒየር»፣ «ፔደም» የሚለውም «ፕዬ» የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ጫን የማይባለው መካከለኛው «ፋ» ወደ «ቭ» ላልቶ አናባቢውን አጣ፤ በጥንታዊ የፈረንሳይኛ ጽሑፎች «ኤስትየቭን» የሚል መልክ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከዚያ «ቭ» በጎረቤቷ «ን» ተዋጠችና «ኤስትየን» ቀረ። በመጨረሻም ከተነባቢ በፊት የነበረችው «ስ» ከአነጋገር ወጣች።

ይህችን የመጨረሻዋን ለውጥ በሌሎች ቃላት ላይ መፈተን ይቻላል። ስኮላ ኤኮል (ትምህርት ቤት)፣ ስፓታ ኤፔ (ሰይፍ)፣ ስፒና ኤፒን (እሾህ)፣ ስታቱስ ኤታ (ሁኔታ፣ መንግሥት) ሆነዋል። በፈረንሳይኛ ቃል መጀመሪያ ላይ አክሳን ቴጉ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ያዘመመች ጭረት፣ ያለባት «ኢ» (E) ሲያዩ ከኋላዋ «ኤስ» መልሰው አስገብተው ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የላቲኑ ቃል ብቅ ይላል።

ድምፁ ከጠፋ በኋላም ፊደሏ ለብዙ መቶ ዓመታት ስትጻፍ ቆይታለች። ከመሰል ቃላት ላይ በብዛት ያነሣት በ1740 የወጣው ሦስተኛው የፈረንሳይ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ነው። በቤተሰብ ስም ላይ ግን አሁንም አለች። በ1551 ጄኔቭ ላይ ባሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ቁጥሮችን ያስገባው አታሚ ሮቤር ኤትየን የሚጻፈው ከነ«ኤስ»ዋ ነው፤ በስሙ የተሰየመው የፓሪሱ የኅትመት ጥበብ ትምህርት ቤትም እንደዚሁ። ሲነበብ ግን በሁለቱም ላይ «ኤስ» አትሰማም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ጽሑፎች ኤቲን፣ ኤቲየኔ፣ ኢትየን ሲባል አያለሁ። የትኛው ይቀርባል?

መልስ፦ «ኤትየን»። ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው፦ «ኤ» እና «ትየን»። ድምፅ ጫን የሚለው እንደ ፈረንሳይኛ ልማድ መጨረሻው ላይ ነው። የመጨረሻዋ «ኢ» አትነበብም፤ ስለዚህ «ኤትየኔ» ስሕተት ነው። ሁለቱ «ኤን»ዎችም ድምፁን አያጠብቁትም።

ፈረንሳይኛ ትንሽ የተማሩ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ። «ብያን» በሚለው ቃል እንደሚያደርጉት ድምፁን ወደ አፍንጫ ይልኩታል። ይህ የሚሆነው ከ«ኤን» በኋላ አናባቢ ሳይጻፍ ሲቀር ነው፤ እዚህ ሁለተኛ «ኤን»ና «ኢ» ስለሚከተሉ «ን» በምላስ ጫፍ ጥርት ብላ መሰማት አለባት። ጆሮዎን ለማስለመድ ፈረንሳዮች ጽዋ ሲያነሡ የሚሉትን ይያዙ፦ «አ ላ ትየን፣ ኤትየን!» «ለጤናህ፣ ኤትየን» እንደማለት ሲሆን ከተቀመጡት መካከል ኤትየን የሚባል ሰው ባይኖርም ቤት ስለሚመታ ብቻ ይባላል። «ትየን» የ«አንተ» ቃል ነውና ለባልንጀራ ካልሆነ አይነገርም፤ «እርስዎ» ለሚሉት ሰው የሚባለው «አ ላ ቮትር» ነው።

ስሙ በአናባቢ ስለሚጀምር ከፊቱ የሚመጣው ቃል ይነካዋል። «የኤትየን» ለማለት «ደ ኤትየን» አይባልም፤ «ደ» አናባቢዋን ጥላ «ዴትየን» ይሆናል፣ ሲጻፍም በመሃል ከላይ ጭረት ይገባል (d'Étienne)። «ሳን» (ቅዱስ) ከፊት ሲመጣ ደግሞ ብቻዋን ስትሆን የማትሰማው መጨረሻዋ ያለች «ቲ» ትነቃለች፦ «ሳንቴትየን»።

ጥያቄ፦ የሴት ስም አይደለም እንዴ? ፓሪዝየን፣ ኢታልየን የሚሉት የሴት ቅጽሎች በዚሁ ነው የሚያልቁት።

መልስ፦ ፊደሎቹ ገጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። በእነዚያ ቃላት መጨረሻው የሴት ምልክት ነው፤ በኤትየን ግን ከላይ እንዳየነው የ«ስቴፋኑስ» ቅሪት ነው። ስሙ ወንድ ነው፤ ቅጽሉም በወንድ ይስማማል። በስም መጨረሻ ጾታ የሚገምቱ የኮምፒውተር ቅጾች ግን «ወይዘሮ ኤትየን» የሚል ደብዳቤ ያወጣሉና ጾታው በተለየ ሣጥን ይሞላ። የሴቶቹ መልክ ስቴፋኒ ነው፤ ኤትየኔት የሚባል የድሮ ስምም አለ።

ጥያቄ፦ ስቴፋን የሚባሉ ፈረንሳዮችም አሉ። ከኤትየን በምን ይለያል?

መልስ፦ በምንጭ በምንም አይለይም፤ በመጣበት በር ነው የሚለየው። ኤትየን ከአፍ ወደ አፍ የወረደ ነው፤ ስቴፋን ግን የተማሩ ሰዎች ከላቲንና ከግሪክ መጻሕፍት በቀጥታ የወሰዱት ነው። ለዚያም ነው «ስ»ም «ፍ»ም ሳይነኩ የተገኙበት።

ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማየት ይቻላል። በ1842 የተወለደው ገጣሚ ስቴፋን ማላርሜ በልደት ስሙ ኤትየን ነበር፤ ሥራዎቹን ያወጣው ግን በስቴፋን ነው።

በዘመናችን የሁለቱ ዕድል ተለያይቷል። ስቴፋን ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለሕፃናት በብዛት ከሚወጡ ስሞች አንዱ ሆነና ከዚያ ቀዘቀዘ። ስለዚህ ስሙን ሲሰሙ የአንድ ትውልድ ሰው ይታይዎታል። ኤትየን ያን ያህል ሽቅብ ወጥቶ አያውቅም፣ ያን ያህል ቁልቁል ወርዶም አያውቅም፤ ዕድሜ የማያስገምት፣ ያልተሰለቸ ስም ሆኖ ቆይቷል። ከሁለቱ አንዱን ለልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ የሚመርጥ ደራሲ ይህን ልዩነት ልብ ቢል መልካም ነው። ኤስቴባን የሚለው የስፓኝ መልክም በቅርቡ ትውልድ ላይ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ከፈረንሳይኛ የታሪክ መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው። ኤትየን የሚባሉ ነገሥታት፣ ጳጳሳትና ቅዱሳን በየገጹ አሉ። ሁሉንም ኤትየን ልበላቸው?

መልስ፦ አይበሉ። የፈረንሳይ ጸሐፊዎች የውጭ ነገሥታትን ስም ወደ ቋንቋቸው የመመለስ የቆየ ልማድ አላቸው፤ በዚህ ምክንያት ፈረንሳይን በዓይኑ ያላየ ሰው ሁሉ በመጽሐፋቸው ኤትየን ሆኖ ይገኛል። ስሙን ከመጻፍዎ በፊት ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነ ይወቁ።

የመጀመሪያው ሰማዕት በአማርኛ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው፣ ሌላ አማራጭ የለውም። «ቀዳማዊ ኤትየን ዘሃንጋሪ» የሚባለው ኢሽትቫን ነው። ከ1135 እስከ 1154 እንግሊዝን የገዛው «ኤትየን ደ ብልዋ» በእንግሊዝ ታሪክ ንጉሥ ስቲቨን ይባላል። «ታላቁ ኤትየን» የሞልዳቪያው ሽቴፋን፣ «ኤትየን ባቶሪ» የፖላንዱ ንጉሥ ስቴፋን ባቶሪ፣ «ኤትየን ዱሻን» የሰርቢያው ስቴፋን ዱሻን ነው። ኤትየን ተብለው መቅረት ያለባቸው ፈረንሳዮቹ ናቸው፦ የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ የነበረውና በ1358 የተገደለው ኤትየን ማርሴል፣ የጸሐፊው የሞንቴኝ ወዳጅ ኤትየን ደ ላ ቦኤሲ፣ በ1759 የገንዘብ ሚኒስትር የነበረውና የቤተሰብ ስሙ ለጥላ ምስል መጠሪያ የሆነው ኤትየን ደ ሲልዌት።

የሮም ጳጳሳቱ ተራ ቁጥር ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጋቢት 752 የተመረጠ አንድ እስጢፋኖስ ሢመቱ ሳይፈጸም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። አንዳንድ ዝርዝሮች ይቆጥሩታል፣ አንዳንዶቹ ይዘሉታል፤ የቫቲካን የዓመት መጽሐፍ ከ1961 ወዲህ ትቶታል። በ754 ሳን ደኒ ላይ ንጉሥ ፔፐንን የቀባው ጳጳስ በአንዱ መጽሐፍ ሁለተኛ፣ በሌላው ሦስተኛ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ በአንድ ይንሸራተታሉ። የያዙት መጽሐፍ በየትኛው እንደሚቆጥር በዚህ ጳጳስ ላይ ፈትነው ከጀመሩ በኋላ አይቀላቅሉ።

ጥምር ስሞችም ያሳስታሉ። በ1783 በሞቀ አየር የሚነሣ ባሉን ካቀረቡት ወንድማማቾች አንዱ ሙሉ ስሙ ዣክ-ኤትየን ሞንጎልፊዬ ሲሆን የሚጠራው ኤትየን እየተባለ ነው። ወንድሙ ዦዜፍ-ሚሼል ደግሞ በመጀመሪያው፣ በዦዜፍ ይጠራል። በመስከረም 19 ቬርሳይ ላይ በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ያሳፈረችውን ባሉን ያስነሣው ኤትየን ነው። አንድ ሰው በአንዱ ገጽ ዣክ፣ በሌላው ኤትየን ተብሎ ሁለት ሰው እንዳይመስል ከመጀመሪያው አንዱን መልክ ይወስኑ።

ጥያቄ፦ በአፍሪካ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮችስ?

መልስ፦ በሰፊው አለ። በጣም የሚታወቀው ለብዙ ዓመታት የተቃዋሚ መሪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም የነበረው የኮንጎው ኤትየን ቺሴኬዲ (ከ1932 እስከ 2017) ነው። በ1972 የሞቡቱ መንግሥት የክርስትና ስሞችን ስለከለከለ በዚያ ዘመን የመንግሥት ሰነዶች ቺሴኬዲ ዋ ሙሉምባ ተብሎ ይገኛል። የቶጎው ፕሬዚዳንትም እስከ 1974 ኤትየን ኤያዴማ ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው ኛሲንግቤ ኤያዴማ የሆነው። የ1970ዎቹን ጋዜጦች የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱንም መልክ መፈለግ ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ቢሮ የፈረንሳይ ደንበኞች ስም እመዘግባለሁ። በመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ያለችው ምልክት ግድ ናት? ኮምፒውተሩም ያበላሻታል።

መልስ፦ ግድ ናት። ፊደሏ በትልቁ ስትጻፍም ምልክቷ የፊደሉ አካል እንደሆነች የፈረንሳይ አካዳሚ ያስተምራል። «በትልቅ ፊደል ላይ ምልክት አይደረግም» የሚለው ወሬ ከታይፕራይተር ዘመን የቀረ ነው፤ ማሽኖቹ ላይ ትልቋ ፊደል ከነምልክቷ አልነበረችም። የተለመደው የፈረንሳይ ኪቦርድም በዊንዶውስ ላይ ትንሿን በአንድ ቁልፍ ሲሰጥ ለትልቋ ቁልፍ የለውም፤ ትልቋን በቀላሉ የሚሰጥ አዲስ የኪቦርድ ደረጃ የወጣው በ2019 ነው።

በዊንዶውስ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ በቀኝ ካለው የቁጥር ሰሌዳ 0201 ይምቱና ይልቀቁ፤ ትልቋ ትወጣለች። ለትንሿ 0233 ነው። ከፊደሎቹ በላይ ባለው የቁጥር ረድፍ ከሞከሩት አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በማክ ኮምፒውተር የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ ኦፕሽንና «ኢ»ን አብረው ይጫኑ፣ ይልቀቁ፣ ከዚያ ሺፍትና «ኢ»ን ይጫኑ። በስልክ «ኢ»ን ተጭነው ሲቆዩ አማራጮቹ ይዘረዘራሉ።

የኮምፒውተሩ ብልሽት ሦስት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። በአንዷ ፊደል ቦታ ሁለት እንግዳ ምልክቶች ከታዩ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ተጽፎ በአሮጌ ኮድ እየተነበበ ነው። እየሰረዙ ማረም አያስፈልግም፤ ፋይሉን ሲከፍቱ ዩቲኤፍ 8 ብለው ይምረጡ፣ በተበላሸ መልኩ መልሰው ግን አያስቀምጡት። ሁለተኛው፣ ስሙ በዓይን አንድ ሆኖ በፍለጋ የማይገኝበት ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ ምልክቷን ከፊደሏ ጋር እንደ አንድ ወይም ለየብቻ እንደ ሁለት አድርጎ መያዝ ስለሚችል አንዱ መዝገብ ከሌላው አይገጥምም፤ የዳታቤዙ ባለሙያ ሁሉንም ኤንኤፍሲ ወደሚባለው ወጥ መልክ እንዲቀይራቸው ያድርጉ። ሦስተኛው የፊደል ተራ ነው። ፕሮግራሙ በኮድ ቁጥር ብቻ ሲደረድር ኤትየን ከ«ዜድ» በኋላ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ በፈረንሳይኛ ሥርዓት ግን ከ«ኢ» ጋር ነው የሚገባው።

ምልክቷ መቅረት ያለባት ቦታም አለ። በፓስፖርት ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው መስመሮች ከኤ እስከ ዜድ ካሉት ተራ ፊደላት ሌላ ፊደል አይቀበሉም፤ የአውሮፕላን ቲኬትም ያለ ምልክት ይቆረጣል። በዚያ መስመርና በፓስፖርቱ ላይኛ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት የስም ልዩነት አይደለምና ደንበኛ አይመልሱበት።

ጥያቄ፦ ስሜ እስጢፋኖስ ነው። የፈረንሳይ ዜግነት ልጠይቅ ነው። ኤትየን መባል እችላለሁ? ለሚወለደው ልጄስ?

መልስ፦ ይችላሉ። በ1972 የወጣ ሕግ ዜግነት የሚያገኝ ሰው ስሙን ወደ ፈረንሳይኛ እንዲመልስ ይፈቅዳል። ጥያቄው ከዜግነት ማመልከቻው ጋር ይቀርባል፤ ያ ካለፈ ደግሞ ዜግነቱ ከተገኘ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ። የቀድሞውን ስም በፈረንሳይኛ መተካት ወይም የፈረንሳይኛውን መጨመር ይቻላል። እኛ መጨመሩ ይሻላል እንላለን፤ የትምህርት ማስረጃና የልደት ወረቀት በቀድሞ ስም ስለሚሆን ሁለቱም ስሞች በአንድ ሰነድ ላይ መታየታቸው ከብዙ ማስረዳት ያድናል።

ዓመቱ ቢያልፍም በር አይዘጋም። በ2016 ሕግ መሠረት የስም ለውጥ ጥያቄ በሚኖሩበት ወይም ልደትዎ በተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ይቀርባል፣ ፍርድ ቤት መሄድ ቀርቷል። በቂ ምክንያት ማሳየት ግን ያስፈልጋል፤ ጠንካራው ማስረጃ በሥራ፣ በትምህርት ወይም በማኅበራዊ ሕይወት በዚያ ስም ለረጅም ጊዜ መጠራትዎን የሚያሳይ ወረቀት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ምክንያቱን ካልተቀበለው ለዓቃቤ ሕግ ይመራዋል።

ለልጁ፣ ልደቱ በተወለደበት ቦታ ማዘጋጃ ቤት በ5 ቀን ውስጥ ይነገራል፤ የተወለደበት ቀን አይቆጠርም። ቀኑ ካለፈ መመዝገብ የሚቻለው በፍርድ ነው። ከ1803 እስከ 1993 ድረስ ስም የሚመረጠው ከቀን መቁጠሪያዎችና ከጥንት ታሪክ ሰዎች እንዲሆን ሕጉ ያዝዝ ነበር፤ ያኔም ኤትየን ችግር አልነበረበትም። ዛሬ ወላጅ የፈለገውን ይመርጣል፣ «እስጢፋኖስ» የሚለውንም በላቲን ፊደል ማስመዝገብ ይቻላል። ዣን-ኤትየን ማለት ከፈለጉ በመሃል ሰረዝ መኖሯን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ፤ በሰረዝ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ ከገባ ሁለት የተለያዩ ስሞች ይሆናሉ። ምልክቷ ከመዝገቡ ላይ ከጎደለች የጽሕፈት ስሕተት ናትና መዝገቡ ባለበት ማዘጋጃ ቤት እንድትታረም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የፈረንሳይ ቤተሰብ የዘር ሐረግ እያጠናሁ ነው። አንድ ኤትየን በድንገት ከመዝገብ ጠፋብኝ።

መልስ፦ ሰውየው ሳይጠፋ ስሙ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት የልደት መዝገብ የጀመረው በመስከረም 1792 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የካህናት መዝገብ ነው። በላቲን በተጻፉት ላይ ስሙ ስቴፋኑስ ነው፣ «የኤትየን ልጅ» ሲባል ደግሞ «ስቴፋኒ» ይሆናል፤ ይህችን ስቴፋኒ ሴት አድርገው እንዳያነቧት። በፈረንሳይኛ በተጻፉት ከነ«ኤስ»ዋ፣ በአንድም በሁለትም «ኤን» ይፈልጉ። በደቡብ ኤስቴቭ፣ በብሬታኝ ስቴፋን፣ በአልዛስ ሽቴፋን፣ በኮርሲካ ስቴፋኑ ሊሆን ይችላል።

የቤተሰብ ስም ከሆነ ደግሞ ፊቱን ቆርጦ ይመጣል። ቴቨኖ፣ ቴቨኔ፣ ቴቨነን የሚሉት ሁሉ ከኤትየን የቁልምጫ መልኮች የመነሻዎቹን «ኢ»ና «ኤስ» ጥለው የወጡ ናቸው። የኤሌክትሪክ ተማሪዎች በ1883 ባወጣው ቴዎረም የሚያውቁት ሌዎን ቴቨነን የቤተሰብ ስሙ ከዚህ ነው። ከመነሻዋ «ቲ» ቀጥላ የገባችው «ኤች» ጌጥ ብቻ ስለሆነች ያለ እሷም ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የሳንቴትየን ከተማ ሰዎች ለምን «ስቴፋንዋ» ይባላሉ?

መልስ፦ የነዋሪው መጠሪያ የተሠራው ከላቲኑ «ስቴፋኑስ» ስለሆነ ነው። የሳን ደኒ ሰዎችም በተመሳሳይ ከዲዮኒስዮስ «ዲዮኒዝየን» ይባላሉ። አሥር ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነውን፣ በ1976 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በባየርን ሙኒክ 1 ለ 0 የተሸነፈውን አረንጓዴ ለባሽ ክለብ ጋዜጦች «ስቴፋንዋዎቹ» ሲሉት ይህንኑ ማለታቸው ነው። ሲጽፉ ከተማዋና የበዓሉ ቀን በ«ሳን»ና በ«ኤትየን» መካከል ሰረዝ ይወስዳሉ፤ ቅዱሱ ራሱ ሲጠራ ሰረዝ የለውም። በዓሉ ታኅሣሥ 26 ነው፤ ሥራ የሚዘጋው ግን በአልዛስና በሞዜል ብቻ ነው፣ በሌላው ፈረንሳይ ቢሮዎች ክፍት ናቸው።